እትዬ ማናልበሽ በሰው አገር ሜዳ ላይ ያለቀሱት ለቅሶ

ጎባ ላይ እትዬ ማናልበሽ ያልደረሱበት ለቅሶ ቀዝቃዛ ነው። ይህን የሚሉት እሳቸው አይደሉም፤ እድርተኛው ነው። ድንኳን ተተክሎ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገቡና አንዲት ግጥም ይጥላሉ፤ ያኔ ድንጋይ ልብ ያለው እንኳ ይፈታል። ኳስ ባለ ቀን ደግሞ ሜዳው በር ላይ የገብስ ቆሎ ይሸጣሉ። ጎባና ሮቤ ከገጠሙ ግን ቆሎውን ለጎረቤታቸው ለዲንቄ ጥለው ይገባሉ። የሮቤ ሰው ሲሸነፍ ዳኛውን ይሳደባል፤ እትዬ ማናልበሽ ቢያሸንፉም ዳኛውን አይለቁትም።

እኒህ ሴት ናቸው እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ስዊድን ድረስ የሄዱት። አንድ ልጃቸው ሂካ ከአገር ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲደውል "ደህና ነኝ" ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። አባቱ አቶ ነገሪም እንዲሁ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ወጥቷል። እናቱ ገንዘብ ያዘ ወይ፣ ሚስት አገባ ወይ ብለው አልተጨነቁም። የሚያባንናቸው ሌላ ነበር፤ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይቀብረዋል? እድር የሌለው ሰው በእሳቸው ዓይን ጣራ እንደሌለው ቤት ነው።

ሂካ የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋ ጫካ ነው። ብርዱን እንኳ የሳነቴን ደጋ ያየ ሰው አይፈራውም። ያስፈራቸው ዝምታው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ጎረቤት የተባለው ረጅም ሰውዬ እንኳ ኮሪደሩ ላይ እንዳይገናኙ በሩን ገርበብ አድርጎ እስኪያልፉ ይጠብቃል። ዳቦ ደፍተው ውሰድለት ቢሉት፣ ሂካ ፈገግ ብሎ፣ ይደነግጣል አላቸው። ዳቦ የሚያስደነግጠው ሰው እንዴት ሬሳ ይሸከማል? የፈሩት ደረሰ። እንግዲህ ልጄን "ና፣ አገርህ ግባ" እለዋለሁ ብለው ቆረጡ፤ የሚነግሩበትን ቀን ብቻ ይመርጡ ጀመር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሂካ ማልዶ ወጣና ጫማው ነጭ ቀለም ተረጭቶበት ተመለሰ። ምንድን ነው ቢሉት፣ ሜዳ ላይ የማግዘው ትንሽ ነገር አለ ብሎ አለፈው። ከሰዓት በኋላ ኳስ ሊያሳያቸው ይዟቸው ሄደ።

ሜዳው ዳር የእንጨት መቀመጫ አለ፤ ሰዉ ሦስት መቶ ቢሞላ ነው። እትዬ ማናልበሽ ከጎባ ያመጡትን ቆሎ ከቦርሳቸው አውጥተው ተደላድለው ተቀመጡ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ግን ተጫዋቾቹ መሃል ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው ቆሙ። ከመካከላቸው ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ፣ አጠገቡ ሻማ። ድምፅ ማጉያው ጥቂት ተናገረ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሁሉም ቆመ፤ ጸጥ አለ። እትዬ ማናልበሽ ዞር ብለው ልጃቸውን ቢያዩት ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ገባቸው፤ ለቅሶ ነው። ልጃቸውም ሐዘንተኛ ነው። ታዲያ አልቃሹ የት አለ? ያን ያህል ሰው ቆሞ አንድ ድምፅ እንኳ የለም። የሟቹን ስም እንኳ አያውቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ያዙት፦

"ሜዳው ሙሉ ሳለ አንድ ሰው ጎደለ፣
አልቃሽ አጥቶ ሟቹ ዝም ተብሎ ዋለ።"

ሦስት መቶ ሰው ዞረ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሂካ ክንዳቸውን ያዘና፣ "ሀርሜ፣ ተይ፤ እዚህ የሚለቀሰው በዝምታ ነው" አላቸው በሹክሹክታ። ሀርሜ የሚላቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው፤ በአባቱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። እትዬ ማናልበሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ልጄ ሰው የለውም ብዬ ስፈራ፣ ጭራሽ አዋረድኩት አሉ በሆዳቸው።

ያን ጊዜ ከማዶ አንዲት ባልቴት ተነሣች። ከዘራ ተደግፋ፣ ሜዳውን በተጫዋቾቹ መሃል አቋርጣ መጣችና ፊታቸው ቆመች። የሟቹ ሚስት ናት። የእትዬ ማናልበሽን እጅ ያዘችና ቀስ ብላ ተናገረች፤ ሂካም ይተረጉም ጀመር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ እንደሚያልፋት፣ እሷም እንባዋን ይዛ እንደከረመች፣ ዛሬ ግን አንድ ሰው እንዳለቀሰላት ነገረቻቸው። ይህን ብላ እሷም ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀና ስትል ሌላ ነገር ጨመረች፤ ሂካ ግን ይህን አልተረጎመውም።

"ምን አለች? አትደብቀኝ" አሉ እናቱ።

"ባሌን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ልጅሽ ነው፣ አለች።"

እትዬ ማናልበሽ ተቀመጡ። ሽማግሌው ለአርባ ዓመት የሜዳውን መስመር ያሰመረ ሰው ነበር። ሂካ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት አስምሯል፤ ሲታመም አስታሞታል፤ ሲሞት መስመር ማስመሪያው መኪና የተላለፈው ለእሱ ነው። ለምን አልነገርከኝም ቢሉት፣ በስልክ ሞት አውርቼ ላስደነግጥሽ አልፈለግሁም አለ። የነገሪ ልጅ!

በእረፍት ሰዓት ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ጨበጡ። ሁሉም "ሂካ፣ ሂካ" ይላል። መጨረሻ ላይ ያ በሩን ገርበብ የሚያደርገው ረጅም ጎረቤት መጣ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ በወረቀት ኩባያ ቡና ሰጣቸውና በጣቱ ወደ ቆሎው ጠቆመ። ዘግነው ሰጡት። ቆሞ ሲቆረጥም አዩት፤ ለካ ዓይን አፋር ብቻ ነው።

"አንተንስ፣ ሂካ ኮ? አንተን ማን ይሸከማል?" አሉ ልጃቸውን፤ በአባቱ ቋንቋ "የኔ ሂካ" ማለታቸው ነው።

ሂካ ወደ ሰዎቹ አየት አደረገ። "እነዚሁ ናቸዋ።"

የሂካ ቡድን ሦስት ለዜሮ ተሸነፈ። እትዬ ማናልበሽም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛውን ምንም ሳይሉት ወጡ። "ና፣ አገርህ ግባ" የምትለውንም ቃል እዚያው ትተዋት ወጡ።

ማታ ወደ ጎባ ደወሉ። ዲንቄ ስለ አገሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ምግቡ ስትጠይቃቸው ሁሉንም አለፉት።

"ዲንቄ፣ ልጄ ሰው ቀብሯል።"

ዲንቄ ቀበል አድርጋ ጠየቀች። "ተሸክሞ?"

"ተሸክሞ።"

"እሰይ፣ ተመስገን" አለች ዲንቄ። "በይ እንግዲህ ዛሬ እንኳ እንቅልፍሽን ተኚ።"