አዋላጅ የምትለዋ ቃል

የያዙኝ ከቢሮ ነው። ጠዋት ነበር፤ ኮምፒውተሩን ገና መክፈቴ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠራ። «አቤት» አልሁ። «ለትንሽ ጉዳይ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ተከተልኋቸው። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ወረቀታቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ። አልተቀየምኋቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አቀረቅር ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ፖሊስ ጣቢያው እስረኛ ሲበዛበት ሴቶቹን ወደዚያ አዛውሯል። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ክዳንና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ከብርሃኑ ጋር ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ብርድ አብሮ ይገባል።

ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ አጠር ያሉ፣ ክንዳቸው የወንድ ክንድ የሚያህል። ካርቶን ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጠቅልለዋል። በሩ ሥር ቆሜ ስቀር አዩኝና ካርቶኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ተቀመጭ እንጂ። መሬቱ ወገብ ይበላል።»

ተቀመጥሁ።

«በምን አመጡሽ?»

«በሥራ ጉዳይ ነው፣ እትዬ።»

«እኔን በአፌ ነው» አሉ። «ያየሁትን ብናገር ነው።»

ከገጠር እንደመጡ ነገሩኝ። ምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። «አዋላጅ ነኝ። የአገሬው ልጅ እኩሌታው በዚህ እጄ ነው የወጣ።»

 ጥርሴ መንገጫገጭ ሲጀምር ብርድ መስሏቸው ጋቢያቸውን ዘርግተው እኩሌታውን አለበሱኝ። እኔ ግን ያቺን ቃል አውቃታለሁ። አዋላጅ የምትለዋን ቃል በገዛ ጣቴ ተይቤያታለሁ።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። በመኸር ወራት፣ የአንዲት መንደር ገበሬዎች በደቦ ስንዴ ሲወቁ፣ አውድማው ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ገደላቸው። በሬዲዮ የተነገረው «ታጣቂዎች ተደመሰሱ» ተብሎ ነው። ከበላይ የመጡ መርማሪዎች ግን መንደሩ ድረስ ወርደው ሰው አነጋገሩና፣ ሟቾቹ መንሽ እንጂ ጠመንጃ ያልያዙ ገበሬዎች መሆናቸውን ጻፉ። የጻፉትን እኔ ተየብሁት። «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አረፈበትና ካዝና ገባ። ሬዲዮው ግን ያለውን አላረመም።

ዝም ማለት አቃተኝ። እኛ ቢሮ በር ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት እየመጣች አውድማው ላይ የሞተው ባሏ ሽፍታ እንዳልነበረ ወረቀት እንዲጻፍላት ትለምን ነበር፤ ኃላፊዎቹ በየቀኑ «ነገ ነይ» ይሏታል። ያ ወረቀት ተጽፎ ካዝና ውስጥ እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቅጂ አስቀርቼ የእማኞቹን ስም በጥቁር እስክሪብቶ አጠፋሁና በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ኢንተርኔት ብቅ ባለበት ሰዓት አብሮኝ ለተማረ ጋዜጠኛ ላክሁለት፤ እሱም እንዳለ አወጣው። የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ከአንዲት እማኝ ስም አጠገብ «የመንደሩ አዋላጅ» የሚል ተጽፎ ነበር። ስሟን አጥፍቼ እሱን ሳላስተውለው አለፍሁ። በአንዲት መንደር ስንት አዋላጅ ይኖራል?

እትዬ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት ቃላቸውን የተቀበለውን መነጽር ያደረገ መርማሪ ነው።

«ምሎልኝ ነበር እኮ» ይላሉ። «‹ስምዎ አይወጣም፣ እናቴ ትሙት› ብሎ። እኔ ሞኟ አመንሁትና ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍሁለት። ጠላ ይዤላቸው ስወርድ፣ የወንድሜ ልጅ እንሥራውን ሊያወርድልኝ ሲመጣ፣ ከዚያ የሆነውን ሁሉ። ይኸው አሳሰረኝ። ዘሩ አይባረክ!»

«ምናልባት እሱ ላይሆን ይችላል» አልሁ።

«ታዲያ ማን ሊሆን?»

 መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። የእሳቸውን ቃል ሲያስጽፈኝ ድምፁ እየተቆራረጠ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆም እንደነበር አስታውሳለሁ። ለእኔ የሚገባውን እርግማን እሱ በሌለበት ይሸከምልኝ ጀመር፤ እኔም አሸከምሁት። እሳቸው ከስንቃቸው ቆሎ እያፈሱ «ብይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ይሉኛል። እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።

የጣቢያው ኃላፊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይላቸዋል፤ ልጃቸው የሚሆን ሰው ነው፣ «አንቺ» እያለ ነው የሚናገራቸው። «በአውድማው ላይ የተባለውን አላየሁም፣ ያየሁት ታጣቂ ነው በይና ጣትሽን አሳርፊ። ወዲያው ትሄጃለሽ።» እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው መጡ። ግቡ አልተባሉም፤ በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

«ያች የጎረቤታችን ልጅ ምጥ ይዟታል» አሉ ሽማግሌው። «ካማጠች ውላ አደረች።»

«ልጁ ተጋድሟል ብያችሁ አልነበረም? ወደ ሐኪም አውርዷት እንጂ!»

«በየት በኩል? በቃሬዛ ይዘናት ወጥተን ከኬላው መለሱን። ‹መንገዱ ዝግ ነው› አሉ። አንቺን ነው የምትጣራው።»

ሽማግሌው ሲሄዱ እትዬ በሩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ» አሉኝ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ? የወንድሜን ልጅ አንጀት በነጠላዬ ያሰርሁ እኔ ነኝ። አላየሁም ልበል?»

ያ ሪፖርት የቆመው በእሳቸው ቃል ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ካዱ ማለት የአውድማው ሰዎች ተመልሰው ሽፍታ ሆኑ ማለት ነው፤ እኔም ሐሰተኛ ሰነድ በትኜ ተገኘሁ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ከዚያ የሚጣራውን የልጅቱን ድምፅ የሰማሁት መሰለኝ።

«ጣትዎን ያሳርፉ፣ እትዬ» አልሁ። «ይሂዱ።»

«እንዲህ ቀላል ነው?»

«ቀላል አይደለም። ግን እዚህ የመጡት በእኔ ነው።»

ነገርኋቸው። ካዝናውን፣ ስልኩን፣ ሳላስተውላት ያለፍኋትን ቃል፣ ሁሉንም። መርማሪው ምንም እንዳላደረገ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለምን ላክሽው?»

«ገበሬውን ሽፍታ ሲሉት መስማት አቅቶኝ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። ቀጥለውም «ሰው አነበበው?»

«ብዙ ሰው አነበበው።»

«ስለ ወንድሜ ልጅም?»

«አዎ፣ ስለ እሱም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአፍታ ያህል ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። መጠበቄ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል። ብድግ አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻዬ ላይ ገፈፉ።

«እኔን ግን አልጠየቅሽኝም» አሉ።

በሩን በቡጢ ደብድበው ፖሊሱን ጠሩ። ሲወጡ ዞር ብለው አላዩኝም።

በማግሥቱ ኃላፊው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበት ወረቀት ነበር። አሻራው አንድ ጎኑ ተጎትቶ ደብዝዟል፤ ሲያሳርፉ ቸኩለዋል።

«ይኸው፣ እማኟ ራሷ ክዳለች» አለኝ። «አንቺም ሰነዱ የተቀነባበረ ነው ብለሽ ፈርሚና ወደ ቤትሽ ግቢ። ማን ይጎዳል?»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። አነሳሁት። ያለ ውሸት እናገራለሁ፣ ልፈርም ነበር። እናቴን አሰብሁ፣ ሥራዬን አሰብሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁት።

«ሰነዱ እውነተኛ ነው» አልሁ። «የተየብሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ።»

«ይቺስ ሴትዮ?»

«እሳቸውን አላውቃቸውም። ሪፖርቱ ላይ ያለችው አዋላጅ ሌላ ናት።»

ሳቀ። «እንግዲያ ያልሽውን በእጅሽ ጻፊው።» ጻፍሁት። ከሰጠሁት ቃል ውስጥ ውሸት የነበረው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ ቢጠይቁኝ እደግመዋለሁ። በጋው አልፎ ክረምት እስኪገባ ድረስ በማዳበሪያው ሽታ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥሁ። የእሳቸው ክህደት በሬዲዮ ተነበበ፤ ዘበኛው ጮክ አድርጎ ሲከፍተው ሰማሁት።

ከወጣሁ በኋላ ወደ ቢሮ አልመለሱኝም። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ወሬዬን የሰሙ ሰዎች አልፎ አልፎ «ድጋሚ ቢሆን ትልኪው ነበር?» ይሉኛል። እልከው ነበር እላለሁ። ያች ጥቁር የለበሰች ሴት ባሏ ገበሬ እንደነበረ የሚያውቅላት ሰው ተገኝቷል፤ ይህን አልጸጸትበትም። ግን ያ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በአንድ እሑድ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ይህ ነገር ቢወጣ ምን ይሆናሉ?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ይሆን? ወይስ ጭራሽ አልታሰበኝም? አላውቅም። የቱ እንደሚከፋም አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«ወጣሽ?» አሉኝ።

«ወጣሁ፣ እትዬ። ያች ወላድ...?»

«እሷን አተረፍኋት። ልጁ ግን ሳልደርስ አልፏል።» ሽንኩርቱን መደርደር ቀጠሉ። «ወንድሜም አያናግረኝም። ልጄን በእጅሽ ገንዘሽ አላየሁም አልሽ ብሎ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይበልሽ» አሉ። «እኔ ገና ነኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያው እወጣለሁ። እጅ ነሥቼ እንዴት ሰነበቱ እላቸዋለሁ፤ እግዜር ይመስገን ይሉኛል። ሌላ አንጨምርም።