ሁለተኛው ፊሽካ

ኅዳር 1977 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ አባቴ አንዲት ጥጃ ተከትሎ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ነበር። አብራሪው መልሶ ከፍ አደረገው፤ ዞሮ በሁለተኛው ሙከራ አረፈ። ማንም አልተጎዳም።

የሜዳው ጠባቂ ራሱ አባቴ ነበር። ማረፊያው ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ስለሆነ ከብት ይግጥበታል፣ ገበያተኛም ያቋርጠዋል። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ አባቴ ፊሽካ ይነፋል። በመጀመሪያው ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ከሁለተኛው በኋላ ማንም አይገባም። "የገዛ አባትህ በሬ ቢሆንም ተወው!" እያለ ስንቱን በዱላ መልሷል።

ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጥቼ ስለነበር ሁሉንም ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ቅቤ ሻጯ ጎረቤታችን ሳቀችበት። "ጋሼ፣ ፊሽካው ለእርስዎ አይሠራም እንዴ?"

"እግሬ ቀደመኝ" አለና አብሯት ሳቀ።

ቤት ስንገባ፣ ሐኪም ነኝና ሥራዬ እንዳስለመደኝ ጠየቅሁት።

"ሁለተኛውን ፊሽካ ማን ነፋ?"

"እኔ ነኛ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ማንም አይግባ።"

"ታዲያ ለምን ገባህ?"

"ጥጃዋ ነበረቻ!" አለኝ፣ ነገሩ ያልገባኝ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ።

እናቴ ጠባዩ እንደተለወጠ ከዓመት በፊት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ምላጩን ጥሎ ይወጣል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ለሟቹ ሚስት ባሏ ንፉግ እንደነበር ነግሯታል። ይህንን በደብዳቤ ስትጽፍልኝ እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር። ተሳስቻለሁ።

"ደንቡንማ መች ረሳ" አለችኝ፤ "ልጓሙ ነው የላላው።"

ሰኞ ዕለት የሥራ ባልደረባው መጣ። ሥራውን ያስተማረው አባቴ ነው፤ ፊሽካውን ሲቀበለው ቀና ብሎ አላየውም። እናቴን ግን እንዲህ አላት፦ "እማማ፣ ጋሼ ሜዳው ዳር ይምጡ፣ ማን ይከለክላቸዋል? አንዴ ከገቡ ግን ዳግመኛ እንዲቀርቡ አልፈቅድም። የሚሞቱት እሳቸው ብቻ አይደሉም።"

"ቤት ብቆልፍበትስ የሚኖር ይመስልሃል?" አለችው።

እኔ የሚጠብቀው ሰው ስለመቅጠር አስብ ነበር። እሷ ሌላ ነገር አስተውላለች፤ እጁ ሥራ ከያዘ እግሩ አይነሳም። ቅዳሜ ላማችንን ሜዳው ዳር ወሰደችና ገመዱን በሁለት እጁ አስጨበጠችው።

"ያዝልኝ። ይህች ከጠፋች ወተት የለም።"

የመጀመሪያው ፊሽካ ተነፋ። ሁለተኛውም ተነፋ። ወዲያው አንዲት ፍየል ከገበያተኛ እጅ አምልጣ ወደ ሜዳው ሮጠች። አባቴ ብድግ አለ፤ ገመዱ ተወጠረ። ላሟ ሣሯን እየጋጠች አልነቃነቅም አለች። ፍየሏን አየ፣ ገመዱን አየ።

ባለ ፍየሉ ሊከተላት ሲል አባቴ ጮኸበት፦ "ተዋት! የአባትህም ብትሆን ተዋት!"

ፍየሏ ሜዳውን አቋርጣ ወጣች። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አረፈ። ገመዱ አባቴ እጅ ላይ ነበር።