ሽማግሌ ያስላከኝ ፓወር ሰፕላይ

ባለፈው ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከቡሬ ወጣ ባለች ቀበሌ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ የአንድ ገበሬ ደጅ ቆሜ ነበር... ያስኬደኝ ለኮምፒውተሬ ኃይል የሚሰጥ አንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሠርግ እቀርፃለሁ፣ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ገበሬው አያ ደምሴ ይባላሉ። ባለቤታቸው ዘንድሮ አረፉባቸው። ሴትዮዋ በሕይወታቸው የተቀረፁት አንዴ ብቻ ነው፤ በሴት ልጃቸው ሠርግ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቁ። አያ ደምሴ ያ የተቀረፀባትን ብቸኛ ሚሞሪ ካርድ አምጥተው ሰጡኝ።

«ምስሉ ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ ድምጿን ብቻ በስልኬ አድርግልኝ» አሉኝ።

የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ግን ጉረኛ ነኝ... ምስሉን አጥርቼ ላስደንቃቸው ብዬ፣ ኮምፒውተሩ ምስል የሚያቀነባብርበት አዲስ ግራፊክስ ካርድ እስክገዛ አቆየሁት። ፋይሉን ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩና ሚሞሪዋን አጥፍቼ ሌላ ሠርግ ቀረፅኩባት።

ካርዱን የሸጠልኝ ሰውዬ አስጠንቅቆኝ ነበር።

«ይሄ ኃይል ይበላል። ያንተ ፓወር ሰፕላይ አሮጌ ነው፣ አይችለውም። አብረህ ቀይር።»

«ስንት ዓመት የቻለ ዛሬ ምን ይሆናል?» ብዬ ሳቅኩበት። ገመዱ አልገጥም ሲለኝ እንኳ በአዳፕተር አገናኘሁት እንጂ አልነቃሁም።

የሴትዮዋን ቪዲዮ ከፍቼ ማጥራት ስጀምር... ጧ! ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታፈነ። የኮምፒውተር ጠጋኝ ፈትቶ አየው። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ፋይሉ ያለበትን ሃርድ ዲስክም ይዞት ሄዷል። «ከዚህ ምንም አይወጣም» አለኝ። ካርዱ ግን ምንም አልሆነም። ሳየው ያስጠላኛል።

የሱቅ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይትባረክ ናቸው የመከሩኝ።

«ይህን ያህል በድለህ ብቻህን አትሄድም። ሽማግሌ ይዘህ እግራቸው ላይ ውደቅ።»

እሳቸውና አንድ የቡሬ ዘመዳቸው አብረውኝ መጡ። በማለዳ የሄድነው አያ ደምሴ ወደ እርሻ ሳይወጡ ልንደርስባቸው ብለን ነው። አንድ ነገር ግን አላወቅንም። ወንድ ልጃቸው ለቀን ሥራ መተማ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ በማለዳ፣ አንገታቸውን ደፍተው... አያ ደምሴ አንዴ አዩንና ጮኹ።

«ልጄን ነው? ልጄን ነው አይደል? ንገሩኝ!»

መርዶ መስሏቸዋል። ጎረቤቱም ድምፃቸውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ አይደለም አያ! የባለቤትዎ ቪዲዮ ነው የጠፋው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቪዲዮ ነው?... ተመስገን! ተመስገን!» ብለው መሬት ሳሙ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አንስተው አቀፉኝ። ይቅርታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። ቁርስ ቀረበ፣ በላን፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ።

ሊሸኙን ሲወጡ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

«ድምጿም... አብሮ ሄደ?»

«አዎ፣ አያ።»

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። አጠገባቸው ቆምኩ። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ደግሞ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም... ይቅርታ ያገኘሁት ይዤ የመጣሁት የልጃቸውን መርዶ ስላልሆነ ብቻ ነው።