በማማሰያ የሚታዘዝ ጊታር

ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። አምፖል እንኳ የማጠፋው ጣቴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ነበር። ልጄ የቀበሌያችንን የኪነት ቡድን ኤሌክትሪክ ጊታር ከነድምፅ ማጉያው ተሸክሞ የገባው እንዲህ ያለች እናት ቤት ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ቡድኑ የዕቃ ማስቀመጫ ስላልነበረው ጊታሩ ተጫዋቹ ቤት ይቀመጥ ተባለ። እኔም የላስቲክ ጫማ ሳታደርግ ክሩን አትነካም አልሁት።

"እማዬ፣ ክሩ ላይ እኮ ኮረንቲ የለም።"

"ታዲያ ግድግዳው ላይ የተሰካው ሽቦ ምን ሊሠራ ነው?"

"እሱ ለማጉያው ነው።"

"ማጉያውና ጊታሩስ በሽቦ አልተያያዙም?"

ተከራክሮ እንደማይረታኝ አውቆ የላስቲክ ጫማውን አጠለቀ። ሁለት ወር ሙሉ በላስቲክ ጫማ ተጫወተ።

ትምህርቴን ያቆምሁት ከሦስተኛ ክፍል ነው። የሚያስፈራኝን ነገር ግን ከነአካሉ ካላወቅሁት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ልጄን አስቀምጬ አስረዳኝ አልሁት። ከክሮቹ ሥር ማግኔት ያለባቸው ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ የክሩን መንቀጥቀጥ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ትንሿን ማንሻ ወደ ላይ ሲያደርጋት ለጊታሩ አንገት የቀረበው ይሠራል፤ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ወደ ታች ሲያደርጋት ደግሞ ክሩ ከሚቋጠርበት አጠገብ ያለው ይሠራል፤ የእሱ ድምፅ ቀጭንና ሹል ነው። ከዚያ ሁለት የሚዞሩ ቁልፎች አሉ። አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላው ሹልነቱን ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

"ጊታሩ ላይ ድምፁን ስቀንሰው ግን ሹልነቱም አብሮ ይጠፋል። የታፈነ ይሆናል" አለኝ።

እሱ የጊታሩን ችግር መናገሩ ነበር። እኔ ግን እሰይ አልሁ፤ አንድ ቁልፍ አዙሮ ሁለት ዕረፍት ማግኘት ማለት ነው።

ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ቀን ነው። በእሱ አሳብቤ ለልጄ ሕግ አወጣሁለት። ወጥ ቤት ሆኜ ግድግዳውን በማማሰያ አንድ ጊዜ ከመታሁ ድምፁን ይቀንሳል፤ ሁለት ጊዜ ከመታሁ ሹልነቱን ያለዝባል። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ጆሮው ሥር ጥሩምባ ቢነፋም አይነቃም ነበር። የማልችለው እኔ ነኝ። ጎረቤት ምን ይላል፣ የቀበሌ ጥበቃ ምን ይላል፣ ልጁ ጥጋበኛ ነው ይባልብኛል እያልሁ ሽሮው እስኪያር ግድግዳ እመታለሁ። ልጄም በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ለመደው፤ ማማሰያው ሲመታ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ትንሿ ጣቱ ብቻ ቁልፉን ታዞረዋለች።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላውና የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ መጣ። በዚያው ሰሞን የአውራጃው ኪነት ቡድን ቋሚ ጊታር ተጫዋች በፈተና ሊመርጥ ነው ተባለ። የተመረጠ ሰው ለውትድርና አይወሰድም ሲባል ሰማሁ። እውነት ይሁን አይሁን የጠየቅሁት የለም፤ አይደለም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ፈተናው ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ነበር። ባለ ሱቋ ጎረቤቴ ብቻሽን ከሄድሽ ትወድቂያለሽ ብላ አብራኝ መጣች። ደመና ስለነበር ጃንጥላ ይዣለሁ። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ፈታኞች ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ሰብሳቢያቸው ካኪ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

ልጄ ከቡድኑ ጋር ጀመረ፤ ከዚያ ሌሎቹ ዝቅ ብለው እያጀቡት እሱ ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ ደረሰ። ማንሻዋን ወደ ታች አደረጋት። ቀጭኑ ድምፅ ጣራውን ሰንጥቆ የሚወጣ መሰለ። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ደስ ያለው ሰውም እንደዚያ ቀና እንደሚል አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የተቆጡ መስሎኝ የፊቱን አግዳሚ በጃንጥላዬ አንድ ጊዜ፣ ጓ! አደረግሁት።

ልጄ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ትንሿ ጣቱ ቁልፉን አዞረችው። ድምፁ ጉድጓድ ገባ፤ ከበሮውና ሳክስፎኑ ብቻ ቀሩ።

"ጊታሩ የት ሄደ?" አሉ ሰብሳቢው።

ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "አንቺ፣ ምን አደረግሽው?"

"ቀንስ አልሁት።"

"ወይ ጉድ! እንግዲያው ጨምር በይዋ!"

ጃንጥላውን አነሣሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ለመጨመር ምልክት የለንም! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጨምር ብዬው ስለማላውቅ ምልክት አላበጀንለትም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን እንደገና ሲያነሡ ሳይ ተነሥቼ ቆምሁ።

"ልጄ! ጨምረው! እስከ መጨረሻው አዙረው!"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ቡድኑም መጫወቱን አቆመ።

"እናቴ፣ ፈታኙ እርስዎ ነዎት ወይስ እኛ?" አሉኝ ሰብሳቢው።

"ይቅርታ፣ ጓድ። የቀነስሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም።"

"ከዚያ ሆነው ቀነሱት?"

"ከዚህ ሆኜ።"

ጃንጥላዬን አዩት፤ ልጄን አዩት። ልጄ እንደ በርበሬ ቀልቶ መሬት መሬት ያያል። "ይቀመጡ" አሉኝ። "አንተም ከመጀመሪያው ጀምር፤ እናትህ እንዳሉህ።"

ጎረቤቴ ጃንጥላውን ነጥቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔም ሁለት እጆቼን ታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁባቸው። ልጄ በወፍራሙ ድምፅ ቀስ ብሎ ገባ፤ ሹልነቱን በጥቂት በጥቂቱ ከፈተው፤ ወደ መጨረሻው ማንሻዋን አወረዳትና ሙሉውን ለቀቀው። ቤቴ የተቀመጠው ጊታር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። እጆቼ ግን እስኪደነዝዙ ድረስ ከሥሬ ለመውጣት ይታገሉኝ ነበር።

ውጤቱ በሳምንቱ አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ልጄ አላይም ብሎ መንገድ ማዶ ቆመ፤ እኔ ፊደል እየቆጠርሁ በጣቴ ማንበብ ጀመርሁ። አንድ ጊዜ ጨረስሁት፤ የለም። አልፌው እንዳይሆን ብዬ ደገምሁት፤ የለም።

"እናቴ" አለኝ ከኋላዬ የቆመ ሰው፣ "ይኼ እኮ የወደቁት ነው። ያለፉት ወዲህ ነው።"

ሁለት ወረቀት ነበር የተለጠፈው። እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ክፉው ነው። በሌላው ወረቀት ላይ የልጄን ስም አገኘሁት፤ የአባቱን ስም፣ የአያቱንም ስም ፊደል በፊደል አረጋገጥሁ፤ ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ሰዉ በላዬ እየተንጠራራ ያነብ ነበር።