ዳዶ የሚያዳምጡት ሰው

መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንገታቸውን ነው። ጋሽ በድሉ አንዲት ዳዶ ከሐዲድ ቁራጭ ላይ ጣል ሲያደርጉ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ዳዶዋ ነጥራ እስክታርፍ አይተነፍሱም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ዓመት ነበር። ብረት የሚያዳምጥ ሰው አየሁ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ በዚያ ወሬ አሰለቸሁ።

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ ይጠግናሉ፤ የታወቁት ግን ጎማን ከመኪና ጋር የሚያስረውን ዳዶ በመምረጥ ነው። በዚያን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ዳዶ ከገበያ ጠፍቷል። የቀረው በየቶርኖ ቤቱ ከውዳቂ ብረት የሚቀረጸውና ከድሬዳዋ ተደብቆ የሚገባው ነው። ከዚያ መሀል ሁነኛውን መለየት ሙያ ይጠይቃል። ጋሽ በድሉ የሚያብረቀርቀውን ገና ከሩቁ ይገፉታል። “የተኳለ ብረት የሚደብቀው ነገር አለው” ይላሉ። ከዚያ ዳዶውን በመዳፋቸው ይመዝኑታል፣ ብሎን ላይ በሁለት ጣት ብቻ እያዞሩ ጥርሱን ያዩታል፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ሾጣጣ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። የመጨረሻው ፈተና ሐዲዱ ነው። በእሳት በደንብ የበሰለ ብረት ቀጭንና ረጅም ድምፅ ይሰጣል፤ ያልበሰለው ዱብ ብሎ ይቀራል። ዱብ ያለ ዳዶ ዳገት ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ብዙ አይከርምም፤ ጥርሱ ይበላል፣ ጎማው ይወልቃል።

ታላቅ ወንድሜ አምሳሉ ከአብነት የሚነሳ ውይይት ታክሲ ይነዳ ነበር። ሁልጊዜ ከእሳቸው ይገዛል፣ ሁልጊዜም ይቀልድባቸዋል።

“ጋሽ በድሉ፣ ዛሬ የምገዛው ዳዶ ነው ወይስ በገና?”

“በገና ቢበጠስ ሰው አይሞትም” ይሉታል ቀና ሳይሉ። “አርፈህ ጠብቅ።”

በነሐሴ 1976 ለኋላ ጎማው አራት ዳዶ መረጡለት። ጠቆር ያሉ፣ ከበድ ያሉ ነበሩ። አንገታቸውን ሰበሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ “ውሰድ” አሉት።

ጳጉሜን ላይ ከሰንጋ ተራ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ወለቀ። መኪናው መንገዱን እየፋቀ ቆመ፤ ተሳፋሪ ላይ ጭረት እንኳ አልደረሰም። ጎማው ግን ብቻውን ተንከባልሎ ቀበሌያችን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ያቆመውን ቅስት መታው። አንዱ እግሩ ተሰበረ፤ ቅስቱ ከነመፈክሩ አስፋልቱ ላይ ተነጠፈ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። አምሳሉን በዚያው ሰዓት ወሰዱት። ክሱ አሻጥር ነው፤ ያን ጊዜ በዚያ ክስ የታሰረ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ መውጣቱንም የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ አስፋው ስለ ፀረ ሕዝቦች ረጅም ንግግር አደረገ። እሱ ሳይጨርስ ጋሽ በድሉ ማንም ሳይጠራቸው ተነሱ። ልጁ ጥፋት የለበትም አሉ፤ ዳዶዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የሰው ንግግር እሰማለሁ፣ የብረቱን ቀጭን ድምፅ ግን ጆሮዬ አይዝም አሉ።

ጓድ አስፋው ከኋላ ለቆመው አብዮት ጠባቂ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ሰውየው አንድ ዳዶ ሲሚንቶው ላይ ጣለ። ጠርዙ ሲሚንቶውን ነክቶ ቅጭል አለ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ያልዞሩት ጋሽ በድሉ ብቻ ነበሩ። ያ ያስደነቀኝ አንገት ገዢ እንዲያየው ብቻ ይሰበር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በእጃቸው ሚዛንና በዕድል ሲመርጡ ኖረዋል። ዋሽተውናል፤ ይህን ልሸፍንላቸው አልችልም።

“መቼ ነው የደነቆርከው አንተ ሽማግሌ?” አለ ጓድ አስፋው።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። መቼ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረማ። በ1970 ዓ.ም. ከዚያው አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል አራት ወር ታስረዋል። ሲወጡ ከሁለቱም ጆሯቸው መግል ይወርድ ነበር። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው አስፋው ነበር።

ወንድሜ ግድግዳው ሥር እጁ ታስሮ ቆሟል። ጋሽ በድሉ አንድ ጊዜ አዩት።

“በልጅነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው” አሉ።

“እንግዲያው ዕድሜህን ሙሉ ሰፊውን ሕዝብ ስታጭበረብር ኖርክ በለኛ።”

“አዎ ጓድ።”

ከኋላዬ የተቀመጠ ሾፌር “አታላይ” አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሳቁ ከፍርሃት ይሁን ከልብ ዛሬም አላውቅም። አምሳሉ ያን ቀን ማታ ተፈታ። የጋሽ በድሉን ክሪክና መፍቻ ቀበሌው ወረሰ፤ ሥራቸውንም ከለከላቸው።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ቤታችን መጡ። ሰንጋ ተራ አንድ መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል፤ ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ማመልከቻ አዘጋጅልኝ አሉኝ። አምሳሉ ጓዳ ነበር። ድምፃቸውን ሰምቷል፤ አልወጣም።

የቀድሞ ሥራቸውን ያቆሙበት ምክንያት ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። እውነቱን ልጻፈው አልኳቸው።

“ማን ሊያነበው? አስፋው አይደል የሚያነበው?” አሉኝ።

“እና ምን ልበል ጋሼ?”

“ኩፍኝ ብለህ ጻፍ።”

ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆመው ጠበቁ። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱና “ተባረክ” አሉኝ። ከዚያ ዳገቱን ይዘው፣ ጭቃውን እየመረጡ፣ ወደ ቀበሌው ሄዱ።