የልጄ ጆሮ

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ያነበብኩት ጎልምሼ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። በንጉሡ ጊዜ ኮልፌ ለአምስት ዓመቷ ልጄ የሰጠቻት ስም "ሟርተኛ" ነበር። ልጄ አትናገርም። የእድሩ ጡሩምባ መርዶ ይዞ ሲመጣ ግን እኛ ገና ሳንሰማው ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ጎረቤት ታዲያ ሞት የምትጠራ መሰለው።

አንድ እሁድ እድርተኛው ተሰብስቦ አስጠራን። ዳኛው ሽማግሌ፣ "ወይ ጸበል ቦታ ታስራ ትቀመጥ፣ ወይ ከእድሩ ውጡ" አሉ። ከእድር የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል?

ይህን ሲሉ ልጄ እናቷ ጭን ላይ እንዳለች ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። ያ ሁሉ ወንድ ክው አለ። አንዱ አማተበ። ዳኛው ልጅቷን እያዩ፣ "ማ... ማን ሊሞት ነው ደግሞ?" አሉ።

"ዝም ብለው ያዳምጡ፣ አባባ" አለች ሚስቴ።

ቆይቶ ከወንዙ ማዶ የሌላ እድር ጡሩምባ እየቀረበ መጣ።

"ሰውየው የሞተው እሷ ከመጮኋ በፊት ነው። ከእናንተ ቀድማ ሰማች እንጂ ማንንም አልጠራችም" አለቻቸው ሚስቴ።

ከእድሩ አላስወጡንም። አምነው ይሁን ፈርተው አልጠየቅኩም። ሚስቴ ግን ልጅቷን አዝላ ስትወጣ ማንንም አላመሰገነችም፤ እኔም እንደዚያው።