የኮርያ ብርድ ጉና ላይ

ባለፈው ንፋስ መውጫ ከአንዲት ሱቅ በር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ባለሱቋ ከማቀዝቀዣ ያወጣችውን በላስቲክ የረጋ ውሃ ከደፉ ድንጋይ ላይ ስትመታው «ቀጭ» አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ የታኅሣሥ ጠዋት ከጓሯችን ረግረግ ላይ ውርጭ ያረጋው ስስ ነገር ከእግሬ ሥር እንደዚያው ነበር የሚሰበረው። እኔ ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሁለት አገር አየር ግን ያወቅሁትን አውቄያለሁ፣ የሚከራከረኝም ካለ ይምጣ።

ቤታችን ከጉና ጉያ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ደምሴ በጃንሆይ ጊዜ ኮርያ ዘምቶ ተመልሶ ከእኛው ጋር ይኖር ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ከተራራው እያጓራ ወርዶ ከቤት ሲያግደን፣ እሳቱን ከበን ስለዚያ አገር እናስወራው ነበር።

«ሐምሌ እዚህ ሲዘንብ እዚያም ይዘንባል» ይል ነበር፤ «አገሩም ተራራ በተራራ ነው፣ ጋይንት ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ብቻ የእነሱ ተራራ እግሩ ባሕር ውስጥ ነው።»

«እህሉስ?» ትለው ነበር እናቴ።

«ሩዝ ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበቅላል።»

«ስንፍና ነው እንጂ፣ ውሃውን አያጠነፍፉትም?»

አያ ደምሴ ስቆ ሲያበቃ ዋናውን ልዩነት ይነግረን ነበር። «እኛ ሙቀት ሲያምረን ወደ በሽሎ በረሃ እንወርዳለን፣ ብርድ ሲያምረን ጉና እንወጣለን፤ ቆላና ደጋው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ዓመቱን ሙሉ አለ። እነሱ ዘንድ ግን ሰውየው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ቆላው ይመጣበታል፣ ቆላው ሲሄድ ደግሞ ደጋው ይመጣበታል። ደጋው የመጣ ጊዜ ወንዙ ድንጋይ ይሆናል። እኔ በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፣ ካሚዮን ሲያልፍበትም አይቻለሁ።» ለዚህ ነው አገሬው «ወንዝ ረጋጩ» የሚል ስም ያወጣለት።

በአንዱ ክረምት ወንዛችን ሞልቶ፣ ዳርቻውን ሰብሮ በገብስ ማሳችን መካከል አዲስ መንገድ አወጣና የድንበሩን ድንጋይ ጠርጎት ሄደ። ከጎናችን በእናቱ ወገን ርስት የነበረው ግራዝማች ብሬ ይህን ሲሰማ፣ «ድንበሩ ወንዙ ነው፤ ወንዙ በመጣበት ድንበሩም መጥቷል» ብሎ ከሰሰን። ያ ማሳ ከሄደ የምንበላው አልነበረንም። ድንጋዩን ከአያቴ ጋር ሲተክሉ ከነበሩት ደግሞ በሕይወት የቀረው ምስክር አያ ደምሴ ብቻ ነበር።

መስከረም ወንዙ ጎደለ፣ ጥቅምት ገብሱ ነጣ፣ ኅዳር ላይ ወደ ታች ጋይንት ከሚወስደው መንገድ ዳር፣ አፋፉ ሥር ከሚያስችሉት ዳኛ ፊት ቀረብን። ግራዝማች ብሬ ኩታውን አደግድጎ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ምስክር ወንዝ ላይ በእግሬ ሄድሁ የሚል ሰው ነው። ጌታችን በባሕር ላይ ሄደ ሲባል ሰምተናል፤ ደምሴ ሄደ ሲባል አልሰማንም!» ሰዉ አውካካ። «ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያሳየኝና ይህችን በቅሎዬን ይውሰድ፤ ካላሳየኝ ምስክርነቱ ይውደቅ።»

በዚያ ዘመን ሙግት በውርርድ ይጠና ነበር። አባቴ የወንድሙን ኩታ ጎትቶ «ተው፣ የሰው በቅሎ ምናችን ነው? ማሳችን ይሻለናል» ቢለውም፣ አያ ደምሴ «በንጉሥ አምላክ ተቀብያለሁ!» አለ። እናቴ ማታ ስትሰማ፣ «ኮርያ ሄደህ ሳትሞት የመጣኸው እኛን በረሃብ ልትገድል ነው?» አለችው።

ታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ፣ አያ ደምሴ የእንጨት ገበታ ሙሉ ውሃ ጓሮ አሳድሮ፣ ጠዋት የረጋውን በጭድ ጠቅልሎ በአህያ ጫነና እሱ፣ አባቴና እኔ ወደ ዳኛው ወረድን። ደጋውን ሳንጨርስ የአህያዋ ጎን ረጥቦ ነበር። ከችሎቱ ፊት ሲፈታ እርጥብ ጭድ ብቻ ወጣ። ግራዝማች ብሬ ዘገን አድርጎ አሸተተና፣ «አህያዋ ሸንታበታለች እንጂ ኮርያስ የለበትም» አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ። አያ ደምሴ ግን ቀና እንዳለ ነበር።

«ጌታዬ፣ ድንበር ሲያከራክር ዳኛ ካለበት ድረስ ሄዶ ያያል እንጂ ድንበሩን ተሸክማችሁ ኑ አይልም። ብርድም ቦታ አለው። ካለበት ይታይልኝ።»

ዳኛው ጉልበታቸውን አሻሹ። «የእኔ ጉልበት ጉና አይወጣም፤ የሰውየው ነገር ግን ሕግ አለው» ብለው፣ እዚያው ጋይንት ካለችው ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በእማኝነት ከግራዝማች ብሬ ጋር እንዲወጡ ፈረዱ።

ከእኛ ዘንድ ደርሰው፣ መሪጌታው አመሻሽ ላይ በገዛ እጃቸው ውሃ ቀድተው ከጓሮው ካስቀመጡ በኋላ ገቡ። ጠዋት ሁላችንም ወጣን። መሪጌታው ገበታውን ዳርና ዳሩን ይዘው፣ ከጥምጣማቸው በላይ አንሥተው ገለበጡት። ጠብ አላለም። እናቴ አማተበች።

«ይኼ ዝንብ ይሸከም እንደሁ እንጂ ሰው አይሸከምም!» አለ ግራዝማች ብሬ።

«ይኼ ያንድ ሌሊት ብርድ ነዋ!» አለው አያ ደምሴ። «እኛ ዘንድ ጠዋት ፀሐይ መጥታ ትፈታዋለች። እዚያ የብርዱ ወራት እስኪያልፍ የሚፈታው የለም። ሌሊቶቹን ደራርባቸውና በላያቸው ሂድ።»

መሪጌታው ገበታውን እንደ ዘቀዘቁት፣ «ውሃው ረግቷል፤ ምስክሩ አይዋሽም» አሉ፤ ወዲያው ፀሐይዋ ብቅ ስትል ጥምጣማቸው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። «በሉ ቶሎ ተቀበሉኝ፣ ማስረጃው እያመለጠ ነው!»

ዳኛው የእማኙን ቃል ተቀብለው ማሳውን ለእኛ አጸኑ። አያ ደምሴም በቅሎዋን አልተዋትም፤ ወሰዳትና ስሟን ኮርያ አላት። ግራዝማች ብሬ በደጃችን ባለፈ ቁጥር አያ ደምሴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራት ነበር።

ዛሬ ብርድ የፈለገ ጉና አይወጣም፣ ወሩንም አይጠብቅም፤ ከሱቅ ይገዛዋል። የልጅ ልጄ በስልኩ የኮርያን በረዶ፣ የረጋውን ወንዝና በላዩ የሚሄደውን ሰው አሳይቶኝ «አባባ፣ አሁን አመኑ?» አለኝ። «እኔ ያመንሁት አንተም ስልክህም ሳትኖሩ ነው» አልሁት።

የእኛ ውርጭ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ ያንኑ ገበታ ውሃ ሞልቼ ጓሮ አሳደርሁት፤ ጠዋት ብገለብጠው እግሬን አራሰው። ገብሱን ግን የዘራሁት፣ አያ ደምሴ ድንጋዩ ነበረ ካለበት ድረስ ነው።